የእንጨት መርከብ ሞዴል ኪት ከታሪክ ጋር እንዴት ይመሳከራል

በባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ለእንግዳ መታሰቢያነት የሚሸጡትን ትናንሽ የደንገል ታንኳዎች በቅርብ ያየ ሰው፣ እዚያው አጠገባቸው ውኃ ላይ ካለው እውነተኛ ታንኳ ጋር ሲያስተያያቸው፣ ቅርጹ አንድ ሆኖ ሳለ ያልገጠመ ነገር እንዳለ ይሰማዋል። እኔ ምክንያቱን ያወቅሁት ሁለቱንም በሜትር ከለካሁ በኋላ ነው። የመታሰቢያው ታንኳ ርዝመት ግማሽ ሜትር ያህል ሲሆን ትልቁ አምስት ሜትር ያህል ነበር። ታንኳው አሥር ጊዜ ሲያንስ የታሰረበት የደንገል ዘንግ ግን አላነሰም፤ በትልቁ ጎን ላይ አውራ ጣት የሚያህለው ዘንግ በትንሹም ላይ ያው አውራ ጣት የሚያህል ነው። በልኬቱ ቢታሰብ ትንሹ ታንኳ የሰው ጭን በሚያህሉ ዘንጎች የታሰረ ሆኖ ይገኛል። የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ለሽያጭ የሚሆነውን ትንሹን የሚያስሩት ገበያው ስለሚፈልገው ነው እንጂ የታንኳ ሥራ ጠፍቷቸው አይደለም።

በሳጥን ታሽገው ከውጭ አገር የሚመጡት የእንጨት መርከብ ሞዴሎች፣ በተለምዶ ኪት የምንላቸው፣ የሚሳሳቱት በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው። ከሩቅ ሲታዩ መርከቧን ይመስላሉ፤ ቀርበው ሲያዩአቸው ግን ገመዱ ወፍሮ፣ የወለሉ ጣውላ ረዝሞ፣ ቀለሙም የሌላ ዘመን ሆኖ ይገኛል። ጎጃም ያለን ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ ኪት የምናገኘው በዘመድ ሻንጣ ስለሆነ፣ አንዴ ከመጣ በኋላ መልሶ መለወጥ አይታሰብም። ስለዚህ ምርመራው ቢቻል ኪቱ ከመገዛቱ በፊት፣ ካልተቻለም አንድ ጠብታ ኮላ እንጨቱን ከመንካቱ በፊት ማለቅ አለበት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንድፉ ከምን ተነሣ?

በመጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ኪቱን ያዘጋጀው ሰው ከምን ማስረጃ ተነሥቶ ነደፈው የሚለው ነው። መርከቧ ራሷ ዛሬም ካለች ማስረጃው ጠንካራ ነው። ቫሳ የተባለችው የስዊድን የጦር መርከብ በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ ስቶክሆልም ላይ ሰጥማ፣ በ1961 ከባሕር ወጥታ፣ ዛሬ በስሟ በተሠራው ሙዚየም ትገኛለች። የእንግሊዟ ቪክቶሪ በፖርትስማዝ፣ የሻይ ጫኟ ከቲ ሳርክ ደግሞ በግሪንዊች አሉ። በእነዚህ ኪቶች ላይ የሚታይ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የአዘጋጁ ቸልተኝነት ነው፤ ማስረጃው ጠፍቶ አይደለም።

መርከቧ ጠፍታ ንድፏ የቀረላትም አለች። ባውንቲን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1787 ከነጋዴዎች ሲገዛት የተነሣው ንድፍ በግሪንዊቹ ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ተቀምጧል። ሳንታ ማሪያና ሜይፍላወር ግን መርከባቸውም የለም፣ ንድፋቸውም የለም። በ1492 ኮሎምበስ የተሳፈረባትን መርከብ ወይም በ1620 ስደተኞቹን ወደ አሜሪካ የወሰደችውን መርከብ «ትክክለኛ ቅጂ» አድርጎ የሚሸጥ ሰው ሊያውቀው የማይችለውን እየተናገረ ነው። እንዲህ ያለውን ኪት መግዛት ነውር የለበትም፤ የሚመረመረው ግን በዚያ ዘመን ከነበሩ መሰሎቿ ጋር ብቻ ነው።

የቀድሞ ንድፍ ምስል ከኢንተርኔት ተገኝቶ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ካለ ማተሚያ ቤት ሲታተም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማሽኑ ምስሉን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ሲል ሊያሳንሰው ወይም ሊያሳድገው ይችላል። ስለዚህ በንድፉ ግርጌ ያለው የመለኪያ መስመር ከታተመ በኋላ በማስመሪያ ይለካ፤ መስመሩ ካልተስተካከለ የቀረው ሁሉ አይስተካከልም።

በየትኛው ዓመት?

ጀማሪ ሠሪ ከሚዘላቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ክዳኑ ሣር የነበረ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ቆርቆሮ እንደሚለብስ ሁሉ፣ መርከብም ረጅም ዕድሜ ካገለገለች መልኳ በየጊዜው ይለወጣል። «ቪክቶሪን እየሠራሁ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ቪክቶሪ በ1765 ውኃ ላይ ወረደች፤ በ1780 የቀፎዋ፣ ማለትም የዋናው አካሏ፣ የታችኛው ክፍል መዳብ ለበሰ፤ ከ1800 እስከ 1803 በተደረገላት ትልቅ እድሳት በኋላዋ በኩል ክፍት የነበሩት ሰገነቶች ተዘጉ፤ በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የተዋጋችው በ1805 ነው። ስለዚህ ክፍት ሰገነት ያለውን የኋላ ክፍል ከ1805 ቀለም ጋር ያጣመረ ሞዴል በየትኛውም ቀን ያልነበረች መርከብ ያሳያል።

የቻርልስ ዳርዊኗ ቢግልም እንዲሁ ናት። በ1820 ስትወርድ ባለ ሁለት ምሰሶ ነበረች፤ በ1825 ሦስተኛ ምሰሶ ተጨመረላት፤ ዳርዊንን ይዛ በ1831 መጨረሻ ከመነሣቷ በፊት ደግሞ የላይኛው ወለሏ ከፍ ተደረገ። የዳርዊንን ስም በሳጥኑ ላይ የጻፈ ኪት ሦስት ምሰሶና ከፍ ያለ ወለል ከሌለው ስሙና ዕቃው አልተስማሙም ማለት ነው።

ቀለም ከዓመቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። የቫሳ ሞዴሎች ለብዙ ጊዜ ቅርጻ ቅርጾቻቸው በወርቅ፣ ዳራቸው በሰማያዊ ይቀቡ ነበር፤ በእንጨቱ ላይ የቀሩት የቀለም ቅንጣቶች ሲመረመሩ ግን ዳራው ቀይ፣ ምስሎቹም ባለ ብዙ ቀለም እንደነበሩ ታወቀ። የቪክቶሪም ጎን በደማቅ ቢጫ ስትታይ ኖራ፣ የድሮ የቀለም ንብርብሮቿ ከተጠኑ በኋላ በ2015 ወደ ሮዝ የሚያደላ ፈዛዛ የሸክላ ቀለም ተቀብታለች። ከዚህ በፊት የታተመ የሳጥን ሥዕል ይህን አያውቅም። ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል እንደ ማስታወቂያ እንጂ እንደ ማስረጃ አይውሰዱት።

ዓመቱን ከመረጡ በኋላ በወረቀት ጽፈው ከሥራ ጠረጴዛዎ በላይ ይለጥፉት። ከዚህ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ክፍል የሚፈረደው በዚያ ቁጥር ነው።

በካርቶን ሰው መለካት

ለልኬት ምርመራ ካሊፐር ከሚባለው ረቂቅ መለኪያም በፊት የሚጠቅመኝ ከካርቶን የተቆረጠ ሰው ነው። የመርከበኛውን ቁመት 165 ሴንቲሜትር ብለን ብንወስድ፣ በ1፡48 ልኬት፣ ማለትም 48 ጊዜ ሲያንስ፣ 34 ሚሊሜትር፣ በ1፡64 ልኬት 26 ሚሊሜትር፣ በ1፡98 ልኬት 17 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን ሰው ቆርጠው በሞዴሉ ላይ ያመላልሱት፦ በበር ያስገቡት፣ ከመድፍ አጠገብ ያቁሙት፣ በገመድ መሰላሉ ያስወጡት።

አንድ ጊዜ በ1፡64 የተዘጋጀ የ18ኛው መቶ ዓመት የንግድ መርከብ ኪት ደርሶኝ ቀፎውን ጨርሼ ነበር፤ ሥራው አምሮ ስለታየኝ ሳልመረምረው ቀጠልሁ። ካርቶኑን ሰው ወለሉ ላይ ሳቆመው የጎኑ ግድግዳ ዓይኑ ድረስ መጣ፤ ባሕሩን ሊያይ የሚችለው በእግሩ ጣት ከቆመ ብቻ ነው። የካቢኑ በር ደግሞ ደረቱ ላይ ቀረ። በመመሪያው መሠረት በገመድ መሰላሉ ደረጃዎች መካከል ያለው ክፍተት 11 ሚሊሜትር ነበር፤ በ64 ሲባዛ 70 ሴንቲሜትር ይሆናል። በእውነተኛ መርከብ ላይ ይህ ክፍተት ከ33 እስከ 38 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ምክንያቱም መርከበኛው በሚናወጥ ምሰሶ ላይ በጨለማ በባዶ እግሩ የሚሮጥበት ደረጃ ነው። ግድግዳውን በሞረድ ዝቅ አደረግሁት፤ በሩን እንደ አዲስ ሠራሁት፤ መሰላሉንም በ5.5 ሚሊሜትር ክፍተት አሰርሁት። ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ፤ ካርቶኑን አስቀድሜ ብቆርጠው ኖሮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

ጠቅላላ ርዝመቱን ሲለኩ የትኛው ርዝመት እንደሆነ ይለዩ። የቪክቶሪ የመድፍ ወለል 56.7 ሜትር ሲሆን በ1፡98 ልኬት 57.9 ሴንቲሜትር ይመጣል፤ ከጫፍ ጫፍ ያለው ርዝመት ግን 69 ሜትር ስለሚደርስ ሞዴሉ 70 ሴንቲሜትር ያልፋል። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከፊት ወጥቶ የተዘረጋውን ምሰሶ የሚጨምረው ትልቁ ቁጥር ነው። ስፋት እንዲህ ያለ አሻሚነት ስለሌለው ለማመሳከር ይሻላል፤ የቪክቶሪ ስፋት 15.8 ሜትር ነው፣ በሞዴሉ ላይ 16.1 ሴንቲሜትር መሆን አለበት።

ከዘመናቸው የቀደሙ ነገሮች

መዳብ፣ ክብ መሪ፣ ባንዲራና መድፍ፤ እነዚህን አራቱን ብቻ መመርመር አብዛኛውን ስህተት ያጋልጣል።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መዳብን በአላርም መርከብ ላይ የሞከረው በ1761 ሲሆን፣ መርከቦቹን በስፋት ያለበሰው ከ1779 ገደማ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የቀፎው የታችኛው ክፍል ከዓሣ ነባሪ ዘይት፣ ከሙጫና ከድኝ በተሠራ ነጣ ያለ ቅብ ወይም በቅጥራን ይለቀለቅ ነበር። ባውንቲ መዳብ ለብሳለች፤ ቫሳ አልለበሰችም፤ የ1765 ቪክቶሪም አልለበሰችም። መዳብ የሚገባት ከሆነ የሰሌዳውን መጠን ይለኩ። እውነተኛው 122 በ36 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር፤ በ1፡64 ሲሆን 19 በ5.6 ሚሊሜትር ነው። ሰሌዳው የሚለጠፈው ከኋላ ተጀምሮ ወደ ፊት ነው፤ የፊተኛው ጠርዝ የኋለኛውን ይደርባል፣ ውኃው መገጣጠሚያውን እንዳይገልጠው። ከኪቱ ጋር የሚመጡት ሰሌዳዎች ላይ እንደ ሽምብራ ጎልተው የሚታዩት የሚስማር ራሶች በልኬታቸው የሻይ ሲኒ ያህላሉ፤ ገልብጦ በጀርባው መለጠፍ ቀላሉ መፍትሔ ነው። እንዲያብረቀርቅ ቫርኒሽ አይቀቡት፤ ባሕር ላይ የዋለ መዳብ ቡናማ ይሆናል።

በክብ መሪ መርከብ መንዳት የተጀመረው በ18ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ነው። ቫሳ የምትመራው በወለሉ ቀዳዳ በኩል ወደ ታች በሚወርድ ረጅም ቋሚ ዘንግ ነበር። የእንግሊዝን ባንዲራ በተመለከተ፣ ቀይ ሰያፍ መስመሮቹ የተጨመሩት በ1801 ነው። በ1789 መርከበኞቿ ያመፁባት ባውንቲ ላይ ይህን ባንዲራ የሰቀለ ኪት 12 ዓመት ቀድሟል። መድፍን በሚመለከት፣ በኪት ውስጥ እንደ ወርቅ የሚያበሩ መድፎች ይመጣሉ፤ የ18ኛው መቶ ዓመት መርከቦች መድፎች ግን በአብዛኛው ብረት ስለነበሩ ጥቁር ይቀባሉ። የቫሳ ትልልቅ መድፎች ከነሐስ ስለነበሩ ለእርሷ የነሐስ መልክ ይገባታል።

እንጨትና ወለል

ብዙ ኪቶች የቀፎውን ውጫዊ ልባስ የሚያዘጋጁት ዋልነት ከሚባል የውጭ አገር እንጨት ነው፤ መልኩ ያምራል፣ ግን የእንግሊዝና የስዊድን መርከቦች የተሠሩት ኦክ ከሚባለው ሌላ እንጨት ነበር። የዋልነት ጅማትና ቀዳዳ ዓይን ላይ ስለሚወጣ፣ ልክ እንደ ደንገሉ ዘንግ፣ እንጨቱ ከመርከቧ ይተልቃል። ለዚህ ነው ሞዴል ሠሪ የእውነተኛዋን መርከብ እንጨት ሳይሆን ጅማቱ የማይታይ እንጨት የሚመርጠው። የእኛው ዋንዛ ለጠረጴዛ የከበረ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ጅማቱ ሻካራ ነው። የዘጌ ሎሚና ቡና ሲገረዝ የሚወድቁት ቅርንጫፎች ግን ድፍንና ጠንካራ ናቸው፤ ወይራም ለትናንሽ ክፍሎች ይሆናል። ቅርንጫፉ እንደተቆረጠ ሁለቱን ጫፎች ሰም ነክረው ጥላ ውስጥ ለወራት ያድርቁት፤ ያለ ሰም ከደረቀ ከጫፉ ይሰነጠቃል። በክረምት ጣና ዳር አየሩ እርጥብ ስለሆነ በሐምሌ የተለጠፈ ቀጭን ጣውላ በጥር ተኮማትሮ ክፍተት ያሳያል። እኔ ልባሱን የምለጥፈው ከጥቅምት በኋላ ነው።

ወለሉን ከመርከቧ ፊት እስከ ኋላ በሚደርስ አንድ ረጅም ጣውላ መሸፈን በኪት መመሪያዎች ላይ የተለመደ ስህተት ነው። እውነተኛ የወለል ጣውላ ከ6 እስከ 9 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስለዚህ በ1፡64 ከ9 እስከ 14 ሴንቲሜትር ተቆርጦ መጋጠም አለበት። ሁለት ጣውላ የሚገናኝበት ጫፍ ሁልጊዜ ከሥሩ ባለው ወጋግራ ላይ ያርፋል፤ በአንድ ወጋግራ ላይ ባሉ ሁለት መገናኛዎች መካከልም ቢያንስ ሦስት ያልተቆረጡ ጣውላዎች ይለፉ። በጣውላዎች መካከል የነበረውን የቅጥራን መስመር ለማሳየት የጣውላውን ጠርዝ በእርሳስ ማጥቆር ይበቃል፤ በጥቁር ክር መሙላት መስመሩን ከእጥፍ በላይ ያወፍረዋል።

ገመድ

ሞዴልን ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ገመድ ነው፤ ታሪክን ከሚያዛቡት ስህተቶችም ከባዶቹ ያሉት እዚህ ነው። አንዱን ስህተት ለሁላችን ቅርብ ከሆነ ታሪክ ላነሣው እወዳለሁ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 የጥንት ግብፃውያን የደንገል መርከብ ውቅያኖስ ያቋርጥ እንደሆነ ለመፈተን «ራ» የተባለችውን መርከብ አሠራ። ደንገሉ የተወሰደው ከጣናችን ነው፤ ያሰሯት ደግሞ የቻድ ሐይቅ ሠሪዎች ነበሩ። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ከኋላዋ ቆልማማ ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታይ ነበር፤ ጥቅሙ ስላልገባቸው ሳያስሩት ቀሩ። ያ ገመድ ግን የኋላውን ክፍል ከፍ አድርጎ የሚይዝ ነበር። ራ ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥታ ረጅም መንገድ ከሄደች በኋላ ኋላዋ እየሰጠመ ተበተነች። በሚቀጥለው ዓመት በቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች የታሰረችው ሁለተኛዋ ራ ባርባዶስ ደረሰች። በኪትዎ ንድፍ ላይ ያለ ገመድ ምን እንደሚሠራ ካልገባዎት አይተዉት፤ ከምን ተነሥቶ ምን እንደሚስብ በጣትዎ ተከትለው ይድረሱበት። በኪቱ ላይ የሌለና በቀድሞው ንድፍ ላይ ያለ ገመድ ከሆነም ይጨምሩት።

ሁለተኛው ስህተት የውፍረት ነው። በድሮ የእንግሊዝ ሠንጠረዦች የገመድ መጠን የሚጻፈው በዙሪያው ልክ ነው። ዙሪያው 23 ሴንቲሜትር የሆነ ምሰሶ ደጋፊ ገመድ ውፍረቱ 7.3 ሴንቲሜትር ነው፤ በ1፡64 ክሩ 1.1 ሚሊሜትር ይሆናል። ዙሪያውን እንደ ውፍረት የወሰደ ሰው 3.6 ሚሊሜትር ክር ያስራል፤ ሞዴሉም በጠፍር የታሰረ ይመስላል። ስለዚህ ሠንጠረዥ ላይ ያገኙትን ቁጥር አስቀድመው ለ3.14 ያካፍሉ።

ምሰሶውን ደግፈው የሚቆሙት ገመዶች ቅጥራን የጠጡ ስለነበሩ ጥቁር ቡናማ ይሁኑ፤ ሸራውን የሚስቡት ግን ነጣ ያሉ ናቸው። አብዛኛው የመርከብ ገመድ ወደ ቀኝ የተገመደ ነው፤ ቀጥ አድርገው ሲይዙት ጥምዝምዙ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ይወጣል። የመልሕቁ ወፍራም ገመድ ተቃራኒው ነው። ክሩ የጥጥ ከሆነ ፀጉሩ በልኬቱ እንደ ሣር ያቆጠቁጣል፤ ጧፍ እንደሚሠራ ሰው ክሩን በሰም ላይ ደጋግመው ይሳቡት፣ ከዚያም በጣት መካከል እስኪሞቅ ያሹት። ገመዱ የሚያልፍባቸው ትናንሽ መዘውሮች ከኪቱ ጋር ሲመጡ ማዕዘናቸው ስል ነው፤ እውነተኞቹ ትከሻቸው የተድበለበለ ነበር። ውስጡ በብርጭቆ ወረቀት በተለበጠ ትንሽ ጣሳ አድርገው ለአንድ ሰዓት ያህል ቢነቀንቋቸው ይድበለበላሉ። በጣም ትልቅ ከሆኑ ግን ከቡና እንጨት አዲስ መቁረጥ ይሻላል።

ግምቱን መመዝገብ

ሁሉን ማረም አይቻልም፤ በሁሉም ነገር ላይ ማስረጃ አይገኝም። ቀፎው ራሱ ከንድፉ ጋር በብዙ ካልገጠመ፣ የወጣለትን ገንዘብ እያሰቡ ከመታረም በላይ የሆነውን ማስተካከል ለዓመት የሚያደክም ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ኪት የመርከቧን ስም ትተው «የዘመኑ የንግድ መርከብ» ብለው ቢጨርሱት ይሻላል። ለቀረው፣ ሥራው ሲያልቅ አንድ ወረቀት ከመቆሚያው ሥር ይለጥፉ። በወረቀቱ ላይ የመረጡትን ዓመትና ልኬት፣ ከቀድሞ ንድፍ የወሰዱትን፣ ከኪቱ የለወጡትንና በግምት የሠሩትን በየተራ ይጻፉ። እኔ የባውንቲን ወረቀት ስጽፍ በግምት የሠራሁት የካቢኑ ውስጥ ቀለም፣ የጀልባዎቹ መቅዘፊያ ቁጥርና የሁለት ገመዶች መታሰሪያ ቦታ ነበር፤ ሦስቱንም በእርሳስ ጻፍኋቸው፣ ማስረጃ ሲገኝ እንዲታረሙ።